አባት የሆነችው ልጅ

የትናየት ያን የግንቦት ቀን ስታስታውስ መጀመሪያ ትዝ የሚላት የልጅቷ እጅ ነው። ሰውየው ልጅቷን ይዟት የመጣው መዳፏን ጨብጦ አልነበረም። የእጇን አንጓ ይዞ ነበር፤ ገበያ መሀል የሌላ ሰው ልጅ እንዳትጠፋበት እንደሚሰጋ ሰው።

የትናየት የምታስተምራቸውን የኦ ክፍል ልጆች ከክፍሉ ሙቀት አውጥታ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣቸው ነበር። ሸሕዲ በግንቦት ከሰዓት ቆርቆሮ ሥር አያስቀምጥም። ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ የሚያልፉት መኪኖች አቧራውን አንስተው አጥሩ ላይ ይበትኑትና ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሁሉም መልሶ ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ መሀል ነው በሩ ላይ የቆመውን ሰው ያየችው። የሥራ ቱታው በግሪስ የጠቆረ፣ ረጅም፣ ቆላው ያከሰለው ሰው።

«ይችን ልጅ ከልጆች ጋር እንድትውል ፈልጌ ነበር» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ዓመቱ እያለቀ እንደሆነ አውቃለሁ። ትምህርቱ ቢቀርም ግድ የለኝም። ዝም ብላ ከእኩዮቿ ጋር ትዋል ብዬ ነው።»

«ልጅህ ናት?»

«ልጄ ናት። ማስተዋል ትባላለች።»

የትናየት ተንበርክካ የልጅቷን ዓይን ፈለገች። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች። የትናየት ተስፋ ቆርጣ ቀና ስትል ግን፣ ሰውየው መሬቱን ትቶ እሷን እያየ ነበር። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲበራ አየች።

«የትና» አላት ቀስ ብሎ።

በዚህ ስም የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አንዱአምላክ?»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አታስታውሰውም። የምታስታውሰው በዚያች ቅጽበት ዓይኗ ላይ የመጣውን የእናቷን ግቢ ነው፤ የሰሊጥ መጋዘኑን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ የነበረችውን የዘበኛ ጎጆ፣ ከጎጆዋ በር ላይ ሽቦ የሚያጣምመውን ልጅ። የአንዱአምላክ አባት ከጎጃም ለአጨዳ ወርደው እዚያው የቀሩ፣ የእናቷን መጋዘን የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ከሽቦ ትራክተር ይሠራል፤ ጎማውን ካለቀ ነጠላ ጫማ ይቆርጥለታል። እሷ ባለእርሻ፣ እሱ ሹፌር ሆነው ግቢውን ሙሉ ያርሱት ነበር። አንዳንድ ቀን እሷ ሹፌር ካልሆንኩ ብላ ታስቸግራለች፤ እሱም ያለ አንዳች ቃል ሽቦውን ያቀብላታል። አንድ ክረምት ላይ እናቷ «አሁን አድገሻል» ብለው ወደ ቤት አስገቧት። በሚቀጥለው በጋ የዘበኛው ቤተሰብ ወደ ቋራ ሄደ ተባለ። ቆይቶም ልጁ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ገባ የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወሬውም ጠፋ።

አሁን ያ ልጅ ጉንጩ ገብቶ፣ ጠጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት ፊቷ ቆሟል። እንደ ድሮው ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ቀሚሷ ላይ ያለውን ጠመኔ ማራገፍ ጀመረች።

*

በማግስቱ ልጅቷን ሊወስድ ሲመጣ ከዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነገራት።

«አታናግረኝም» አላት። «ስጠራት ትመጣለች፤ ብይ ስላት ትበላለች። ግን አታናግረኝም። ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።»

ሱዳን ገዳሪፍ ላይ የአገሩን ልጅ እመቤትን አግብቶ ነበር። እመቤት ማስተዋል ድክ ድክ ስትል በወባ ሞተችበት። እሱ የትራክተር ሹፌር ነው፤ የሱዳን እርሻ ደግሞ ዳርቻ የለውም፣ ገብቶ ወራት ይቆያል። ልጅቷን ያሳደገቻት ጎረቤታቸው ዘሊካ ናት፤ ልጅ ያልወጣላት የሱዳን ሴት። ማስተዋል «ሐቦባ» ነበር የምትላት፣ አያቴ ማለቷ ነው። የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ዘሊካ ወደ ወንድሞቿ ሄደች፤ አንዱአምላክ ልጁን ይዞ በመተማ በኩል ገባ።

«የዘሊካ ቀሚስ ላይ ተጣብቃ አልለቅም ስትል ጎትቼ ያላቀቅኋት እኔ ነኝ» አለ። «ልጅቷ የምታውቀኝ በዚያ ነው። አሻንጉሊት ገዛሁላት፤ ከነላስቲኩ አስቀመጠችው። ብስኩት ሳመጣ አመሰግናለሁ ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ። የትና፣ የገዛ ልጄ ሰው ቤት የመጣች እንግዳ ሆነችብኝ።»

«አብረሃት ተጫውተህ ታውቃለህ?»

«እኔ?» ግሪስ የጠገቡ እጆቹን አያቸው። «በዚህ ዕድሜዬ?»

«የሽቦ ትራክተር የሠራኸው እኮ አንተ ነህ።»

ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ሳይለወጥ መቆየቱ የትናየትን አስደነገጣት።

በሦስተኛው ቀን ትራክተሯን ሠርቶ መጣ፤ ከበፊቶቹ ሁሉ ያማረች፣ መሪዋ የሚዞር። ማስተዋል ተቀብላ መሬቱ ላይ መጎተት ጀመረች። አንዱአምላክ ከላይ ቆሞ «እንዲህ አይደለም፤ መሪውን ወደዚህ። ቀስ። ጎማው ይወልቃል» ይላታል። ጥቂት ጎተተቻትና ትራክተሯን እግሩ አጠገብ አስቀምጣ ሄደች። ሰውየው ባዶ እጁን ቆመ።

«አየሽ?» አላት የትናየትን።

«አየሁ። አዘዝካት። ይችን ልጅ የሚያዛት ሰው ሞልቷል፤ ሂጂ፣ ነይ፣ ተነሽ፣ ተሻገሪ ስትባል ነው የኖረች። ጨዋታው እንኳ የሷ ይሁን እንጂ። ሂድና መሬት ላይ ተቀመጥ። ምን ልሁን በላት። ያለችህን ሁን።»

«ያለችኝን ሁሉ?»

«ያለችህን ሁሉ።»

አስተማሪዎቹ ከቢሮው መስኮት ሆነው እየተሳሳቁ ሲያዩት፣ ያ ረጅም ሰው እግሩን አጣጥፎ አቧራው ላይ ተቀመጠ። ማስተዋል በጠጠር ቤት እየሠራች ነበር።

«ምን ልሁን?» አላት።

ልጅቷ መልስ ሳትሰጠው ብዙ ጠጠር ደረደረች። ኋላ ቀና ሳትል «ግድግዳ» አለች።

ግድግዳ ሆነ። ያን ከሰዓት በሙሉ ሳይነቃነቅ ግድግዳ ሆኖ ተቀመጠ፤ ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ እጁን አላነሳም። በማግስቱም ግድግዳ ሆነ። በሌላው ቀንም። አንድ ቀን ግን ማስተዋል ቤቷን ሠርታ ስትጨርስ ገብታ ተቀመጠችና፣ ድካም ይሁን ሌላ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገች። አንዱአምላክ ትንፋሹን ያዘ። የትናየት ከወዲያ ማዶ ጠመኔ እየለቀመች ነበር፤ ዓይኗ ከዓይኑ ጋር ተገናኘ። የትናየት ያን ለታ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ አጠረባት።

*

ከዚያ በኋላ ጥላው ሥር ብዙ ነገር ሆነ፤ ፍየል፣ ፖሊስ፣ ሻይ የሚጠጣ እንግዳ፣ ሻይ አልከፍልም የሚል እንግዳ። ማስተዋል ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዓረብኛ ታዘዋለች፤ እሱም ይታዘዛታል። ልጅቷ እየደፈረችው መጣች። ሲሳሳት መሳቅ ጀመረች።

አንድ ቀን ሌሎቹ ልጆች ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ማስተዋል በእንጨት ጫፍ መሬቱ ላይ አንድ ክፍል ሣለች። መኝታውንም ሣለች፣ በሩንም።

«ምን ልሁን?» አላት አባቷ።

«አንተ ልጅ ነህ። እኔ አባት ነኝ።»

ኮፍያውን ከራሱ ላይ አውልቃ አደረገችው፤ ጆሮዋን ሸፈናት። ባዶ ጀሪካን አነሳችና በሩ ላይ ቆመች።

«እርሻ ልሄድ ነው። ሐቦባ ጋር ቁጭ በል። አታልቅስ።»

«እሺ። መቼ ትመጫለሽ?»

«አባት ነኝ አልኩህ እኮ።»

«እሺ አባ። መቼ ትመጣለህ?»

«ቡክራ» አለች፤ ነገ ማለቷ ነበር። ጀሪካኗን እየጎተተች ሄዳ ከዛፉ ጀርባ ቆመች።

አንዱአምላክ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። ልጅቷ አልመጣችም። ሊነሳ ሲል የትናየት ከበረንዳው ላይ በእጇ ተቀመጥ አለችው። ተቀመጠ። ቆይታ ቆይታ ማስተዋል ብቅ አለች።

«ቡክራ ሆነ?» አላት።

«አልሆነም» ብላ ተመለሰች።

ደግማ ብቅ አለች። አልሆነም። አሁንም ብቅ አለች። አልሆነም። ጥላው ከእሱ ላይ እየሸሸ ሄዶ ፀሐዩ ፊቱ ላይ ወጣበት። ያኔ ነው የገባው። ገዳሪፍ እያለ፣ ሁልጊዜ በጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ልጅቷ በሩን ይዛ መቼ ትመጣለህ ስትለው የሚላት ያችኑ ቃል ነበር። እንዳታለቅስ ብሎ ነበር የሚላት። እውነት መስሏት በሩ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ መዋሏን ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። አሁን በዚያች በእንጨት ጫፍ በተሣለች ክፍል ውስጥ እሱ ራሱ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው።

ማስተዋል ጀሪካኗን ይዛ እንደገና ብቅ ስትል እንባው ጉንጩ ላይ ወርዶ ነበር።

«አባ» አላት። ድምፁ የትልቅ ሰው አልነበረም። «እባክህ አትሂድብኝ። ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ።»

ልጅቷ ባለችበት ቆመች። ኮፍያውን ከዓይኗ ላይ ገፋ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጀሪካኗን አስቀምጣ መጣች፤ የቀሚሷን ጫፍ አንስታ ፊቱን ጠረገችለት፣ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን።

«እሺ፣ አልሄድም» አለችው። «ተነስ። እጅህን ታጠብና እራት እንብላ።»

የትናየት በረንዳው ላይ መቆም አቅቷት ወደ ክፍሉ ገባች። ትናንሽ ወንበሮቹ መሀል ተቀምጣ አለቀሰች። ለቅሶዋ ግን የሀዘን አልነበረም። ልጅ ሳለች የሚያውቃትንና ሽቦውን ያለ አንዳች ቃል የሚያቀብላትን ያን ልጅ ስትወደው እንደኖረች፣ ለራሷም ሳትነግር ስትወደው እንደኖረች፣ ያኔ ገና አወቀች።

ከመስኮቱ ስታይ አባትና ልጅ በበሩ እየወጡ ነበር። የልጅቷ ጣቶች የአባቷን አውራ ጣት ጨብጠው ነበር።

*

ሸሕዲ ውስጥ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። የየትናየት እናት ወይዘሮ የሻረግ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የሰሊጡን ንግድ ብቻቸውን ይዘው ያቆዩ፣ በገበያው የሚከበሩና የሚፈሩ ሴት ናቸው። ለልጃቸው ጎንደር ላይ ደረበ የሚባል ነጋዴ አስበውላት ነበር። የትናየት እሺም እንቢም ሳትል ነበር የቆየች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው በር አጠገብ ካለው ጥላ ቁጭ እንዳሉ እናቷ ጀመሩ።

«ያ የዘበኛችን ልጅ ትምህርት ቤት ይመላለሳል አሉኝ።»

«ልጁን ሊያመጣ ነው እማዬ።»

«ልጁን ሲያመጣ ለምን ማምሻውን አብሮሽ ይቀመጣል? የሰው አፍ አታውቂም አንች? የደረበ ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከሱዳን በአንድ ሻንጣ የገባ ሰው ነው ምን ሊሆንሽ?»

የትናየት ልቧ ውስጥ ያለውን ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን የእናቷ ዓይን ያው የድሮው ዓይን ነበር፤ ከሽቦ ትራክተሯ አስነስቶ ወደ ቤት ያስገባት። ቃሏ በአፏ ውስጥ ተለወጠ።

«ለልጅቷ ብዬ ነው» አለች። «እሱማ ለኔ ምኔም አይደለም።»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንድ ነገር ስለጋረደው ቀና ስትል የታጠበ ነጭ ሸሚዝ አየች። አንዱአምላክ ማስተዋልን ይዞ፣ እናቷን ሰላም ሊል፣ ምናልባትም ከሰላምታ የበለጠ ነገር ሊል መጥቶ ነበር። ፊቱን አላየችውም፤ ዞሮ ነበር። ያየችው ጀርባውን ነው፤ ደግሞም እየተጎተተች ወደኋላ የምታያትን ልጅ።

ልትነሳ ፈለገች። እናቷ እያዩዋት ነበር። አልተነሳችም።

*

ከዚያ ወዲያ አንዱአምላክ ወደ ትምህርት ቤቱ አልመጣም። ማስተዋልም አልመጣችም። የሰኔ ዝናብ ጀመረ፤ ትራክተሮች በየአቅጣጫው ወደ እርሻ ወረዱ። የትናየት ሰው መላክ አልሆነላትም፤ መሄድም ፈራች። በመጨረሻ ወደሚሠራበት ጋራዥ ስትሄድ መካኒኮቹ ነገሯት። ቋራ ውስጥ ከገለጉ ከተማ ወዲያ ካለ ትልቅ እርሻ ሹፌር ሆኖ ተቀጥሯል፤ ክረምቱን እዚያው ነው። ልጅቷን ሽንፋ ከተማ ያለችው አክስቱ ጋር ሊያስቀምጣት ነው። ነገ ጠዋት ይሄዳሉ።

በማግስቱ መናኸሪያው በጭቃ ተቦክቶ ነበር። ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ፌስታላቸውን ታቅፈው በየመኪናው ይጋፋሉ፤ ረዳቶች «ሽንፋ፣ ሽንፋ» እያሉ ይጠራሉ። የትናየት ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣ ጫማዋን ጭቃ ውጦት ደረሰች። አንዱአምላክ ሻንጣውን ሚኒባሱ ላይ አስጭኖ ቆሟል። ማስተዋል አንድ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ያ የመጀመሪያው ቀን ፊት ተመልሷል።

«ልሸኝህ አይደለም የመጣሁት» አለች የትናየት።

«በጆሮዬ ሰማሁ እኮ፣ የትና።»

«አውቃለሁ። እናቴን ፈርቼ ነው እንዲያ ያልኩ። ልጅ ሆኜም ፈራኋት፣ ትልቅ ሰው ሆኜም ፈራኋት። የወደድኩትን ነገር ሁሉ እሷ ፊት ምኔም አይደለም እያልኩ ነው የኖርኩ።»

ዝናቡ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ይንጠባጠባል።

«እናትሽ እኮ እውነታቸውን ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ምን አለኝና ነው? አንች ጎንደር ሂጂ፤ ኑሮሽን ኑሪ። እኔ የሄድኩበት ይሻለኛል።»

«እኔን ተወኝ። እሷን ጠይቀሃታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«መንገርህን አላልኩም። ጠይቀሃታል ወይ ነው ያልኩ።»

አንዱአምላክ ወደ ልጁ ዞረ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እያየ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተበላሸ።

«ማስተዋል» አላት። «ምን ልሁን?»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የማዳበሪያውን ክር ታወጣ ጀመር። ረዳቱ «ሞልቷል፣ ግቡ» አለ። ማንም አልተነቃነቀም።

«እዚህ ሁን» አለች ልጅቷ።

«እዚህ? ሸሕዲ?»

«እዚህ» አለችና ትንሿን መዳፏን አጠገቧ ማዳበሪያው ላይ አሳረፈች። «እኔ ያለሁበት።»

አንዱአምላክ ግንባሩን ልጁ ጭን ላይ ደፋ። ማስተዋል እጇን ጠጉሩ ውስጥ አስገብታ፣ ግራ የገባት ትመስል፣ ቀና ብላ የትናየትን አየቻት። በየትናየት ዓይን ውስጥ ዝናቡና እንባው አይለይም ነበር።

ሻንጣው ከጣሪያ ወረደ። ሚኒባሱ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

«አሁንስ?» አላት አንዱአምላክ፣ ሻንጣውን ይዞ እንደቆመ። «አሁን ወዴት ነው?»

«እናቴ ጋ። መሸሸግ ደክሞኛል። አብረኸኝ ቁም እንጂ ምንም አትናገር፤ የምናገረው እኔ ነኝ።»

እጁን ያዘች። መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ከሰውም ግማሹ እናቷን ያውቃል። እጁ ሸካራና ሞቃት ነበር። አልለቀቀችውም።

*

ወይዘሮ የሻረግ በረንዳቸው ላይ ቆመው የሰሊጥ ጆንያ ያስቆጥሩ ነበር። ሦስቱን ሲያዩ ሠራተኞቹን በዓይናቸው አሰናበቱ።

«ደህና አደሩ እትዬ የሻረግ» አለ አንዱአምላክ ዝቅ ብሎ። አልመለሱለትም።

«እማዬ» አለች የትናየት። «እሁድ ዋሽቼሻለሁ። ምኔም አይደለም ያልኩት ውሸት ነው። ይሄን ሰው እወደዋለሁ። ልጁንም እወዳታለሁ። የደረበን ሽማግሌዎች በክብር መልሻቸው። ብትቆጪ እችለዋለሁ። ብትረግሚኝ ግን አልችለውም፤ ስለዚህ አትርገሚኝ።»

ወይዘሮ የሻረግ በረንዳው ጠርዝ ላይ ባለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አይነበብም።

«ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስሜን ጠብቄ፣ ያንችን ስም ጠብቄ…»

አሳባቸውን አልጨረሱትም። ማስተዋል የትልልቅ ሰው ነገር ሰልችቷት፣ ከግንባታ ከተረፈው ክምር ላይ ጠጠር መርጣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ነበር። አንዷን ወደ ላይ ትወረውራለች፤ የቀሩትን ከመሬት አፍሳ የወረወረቻትን ልትቀልብ ስትል ታመልጣታለች። ደግማ ትወረውራለች። ታመልጣታለች። ወይዘሮ የሻረግ እየተናገሩ ዓይናቸው ወደዚያ ይሄድባቸዋል። ቃል ጀመሩ፣ ተውት። ሌላ ጀመሩ።

አንዷ ጠጠር ተንከባልላ እግራቸው ሥር ቆመች። ጎንበስ ብለው አነሷት። ሊመልሱላት ይመስል ነበር፤ ግን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት። ወረወሯት። ሳያዩ ቀለቧት። የራሳቸው እጅ አስገረማቸው።

«ትችያለሽ?» አለቻቸው ማስተዋል። ትልቅ ሰው አንቱ እንደሚባል ገና አልለመደችም።

«ድሮ» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «ድሮ እችል ነበር።»

«ነያ።»

ያች ገበያው ሁሉ የሚያከብራት ሴት፣ ነጠላዋን ሰብስባ ቀስ ብላ ሲሚንቶው ላይ ወረደች። ጉልበቷ ጮኸ። ወረወረች፣ አፈሰች፣ ቀለበች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«በለሳ፣ አባቴ አገር ነው» አሉ ወይዘሮ የሻረግ፣ ማንንም ሳያዩ። «ከእህቶቼ ጋር ቅልልቦሽ ስንጫወት ሽማግሌዎች መጡ። ጠጠሩን ከእጄ አስጥለው ነው የዳሩኝ። ጨዋታው ቀርቶ ተራዬን እንኳ አልጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ይሄው ዛሬ ነው ጠጠር የያዝኩ።»

የትናየት ይሄን ሰምታ አታውቅም። እናቷን እንደ ልጅ አስባቸው አታውቅም።

«አንችን ወልጄ አንድ ቀን እንኳ አብሬሽ ተጫውቼ አላውቅም» አሉ እናቷ። አሁን ቀና ብለው አዩዋት። «ልጅ ሳላችሁ ከዚህ ልጅ ጋር ስትስቂ በመስኮት አይሽ ነበር። ያን ሳቅ እኔ ፊት ሳቂው ብዬ መለመን አላወቅኩበትም። አስገባሁሽ። አስገብቼሽም ሳቁ አብሮሽ አልገባም።»

«እማዬ…»

«ዝም በይ፤ አትናገሪኝ። ካለቀስኩ ይች ልጅ ታሸንፈኛለች።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ አንዱአምላክ ዞሩ። «አንተስ ምን ቆመሃል እንደ ዘበኛ?» አሉና ያሉትን ሲሰሙት ደነገጡ። ድምፃቸው ለሰለሰ። «አባትህ ደግ ሰው ነበሩ። ተቀመጥ ልጄ። ቁጭ በል።»

ሽማግሌ የገባው ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ ነው፤ ያም በቀላሉ አልሆነም፣ የሰው አፍም በአንድ ቀን አልተዘጋም። የትናየት ግን ዛሬ ያን ዘመን ስታስበው ሠርጉ አይደለም ፊቷ ላይ የሚመጣ። የሚመጣባት ያ የሰኔ ጠዋት ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በረንዳው ላይ ወጥታ፣ አንዱአምላክ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከመሬት ተቀምጦ፣ ማስተዋል «ተራዬ ነው» እያለች።

እናቷ ጠጠሮቹን ሰብስበው በየትናየት መዳፍ ላይ አኖሩላትና ጣቶቿን በጣታቸው ከደኑላት።

«ነይ» አሉ። «አስተምርሻለሁ።»

ጠጠሮቹ ከእናቷ እጅ ሙቀት ይዘው ነበር። የትናየት መወርወሩን ረስታ ይዛቸው ቆየች፤ እስኪበርዱ ድረስ ማንም አላጣደፋትም።